የጓሮው ግድግዳ ዋግ

ጥቅምት 8

ለውድ ጋሼ፣

ይህች ደብዳቤ ወገብዎ አርፎ፣ ጉልበትዎ ታዞልዎት፣ ከሁሉም በላይ ሳቅዎ ሳይጎድል ታግኝዎት። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ቀድሞ ገብቷል። የምሠራበት ቤት ለሰው ሳይሆን ለጥናት ለሚቀመጥ ደረቅ ቅጠል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ማሞቂያውን ከፍ አድርጉልን ብንል የሚሰማን የለም።

የላኩልኝ የአባቴ መጻሕፍት ደረሱኝ። ሳጥኑን ስከፍተው የክፍሉ ሽታ ወጣ። ክዳኑን መልሼ ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀርቦኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከመጻሕፍቱ በአንዱ ውስጥ፣ ያቆመበትን ገጽ እንዳይስት ይመስለኛል፣ አንድ የደረቀ ቅጠል ሸጉጦ ነበር። የፈርን ቅጠል ነው። ፈርን ማለት በጓሮው ግድግዳ ላይ፣ ቧንቧው በሚያንጠባጥብበት በኩል የሚበቅለው፣ አበባ የማያወጣው፣ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀው ቅጠል ነው። እርስዎ «የግድግዳው ጺም» ይሉት የነበረው። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ ከመርፌ ጫፍ የማይበልጡ ነጫጭ እብጠቶች አሉ። ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ጋሼ፣ ደግሜ ደጋግሜ አየሁት።

ዋግ ነው። ገበሬ ስንዴው ላይ ሲያይ ቅስሙ የሚሰበርበት የዋግ ዘመድ፤ ይኸኛው ግን ከፈርን በቀር ሌላ ነገር አይነካም። የላቲን ስሙን አልጽፍልዎትም፤ ስሙ ከራሱ ከፈንገሱ ይረዝማል። እስካሁን የሚታወቀው አንድ ቅጠል ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ከመወለዴ ብዙ ዘመን በፊት አንድ መንገደኛ ቆርጦት እዚህ እኛ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ከዚያ ወዲህ አየሁት ያለ ሰው ስለሌለ፣ ጠፍቷል ተብሎ ተስፋ ተቆርጦበት ነበር።

ጠባዩን ልንገርዎት። ጥገኛ ነው። ለራሱ አያበስልም፣ ሥር የለው፣ ቅጠል የለው። ሰው ቤት ገብቶ፣ ሰው ያዘጋጀውን እየበላ፣ ውጣ የሚለው እስኪመጣ ተመቻችቶ ይኖራል።

እባክዎ፣ ፈርኑ ዛሬም ካለ ጥቂት ቅጠሎች በጋዜጣ መሃል አድርገው ይላኩልኝ። የግድግዳውን ርዝመትና ቁመት፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ የእርስዎ ክፍልም ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ ይጻፉልኝ። ፎቶም ቢኖር መልካም ነው።

ስለ ቤቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። የፊት ለፊቱን ክፍል ለተከራየችው ልብስ ሰፊ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእርስዎስ ምን ልላክልዎት?

አክባሪ ልጅዎ


ኅዳር 14

ለልጄ፣ ጥያቄ ለማያልቅባት፣

ሰላምታዬ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሳይሆን እንደ ወንዝ ሆኖ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ፈጣሪ አንቺን ከብርድም ከክፉ ሰውም ይጠብቅልኝ።

ፈርኑ አለ። የት ይሄዳል? እኔ የሰው ቧንቧ ስጠግን ስኖር የራሴን ጓሮ አስጠጥቼዋለሁ። ጎረቤት ሁሉ ሲስቅብኝ «ይህ ለማስታወቂያ የተተወ ነው» እላቸዋለሁ። ቅጠሎቹን ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ቆረጥኩልሽ። ከጀርባቸው ነጩም አለ፣ ቡናማም መስመር አለ። የትኛው የማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

የግድግዳውን ልክ ለብቻው ጽፌ አስገብቼልሻለሁ። ለምን እንደፈለግሽው አልጠይቅም። የኔ ክፍል ከግድግዳው ምን ያህል እንደሚርቅ ላልሽው፣ አይርቅም። ግድግዳው ራሱ የክፍሌ ግድግዳ ነው። በዚህ በኩል አልጋዬ አለ፣ በዚያ በኩል ፈርንሽ።

የቤቱን ነገር ካነሳሽው አይቀር፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ባለፈው ክረምት ቀይሬዋለሁ። የፊቱ በር ማጠፊያም አዲስ ነው። የአጥሩን ቀለም ለሁለተኛ ጊዜ የቀባሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንድታውቂው ብቻ ነው።

ምን ልላክልዎት ላልሽው፣ ምንም አልፈልግም። ሁሉ ሙሉ ነው።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 27

ለውድ ጋሼ፣

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁን። ዛሬ ደብዳቤ ሳይሆን እልልታ ብልክልዎት ደስ ባለኝ።

እሽጉ ዘግይቶ ደረሰ። የተክል ነገር ነው ብለው እየፈተሹ እያገላበጡ ብዙ አቆዩት። ሲደርሰኝ ምሳዬን ትቼ ወደ ሥራ ክፍሌ ሮጥኩ። ጋሼ፣ እሱ ነው! ራሱ ነው፣ ደግሞም በሕይወት አለ! አለቃዬ በባሕርዩ ቆሞ የሚያወራ ሰው ነው። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ካየ በኋላ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ይህን ማን ነው የላከልሽ?» አለኝ። «አጎቴ» አልኩት። በእኛ ቋንቋ የአባት የአክስት ልጅ አጎት እንደሚባል ሳስረዳው ጊዜ አለፈ።

ቡናማዎቹ መስመሮች የፈርኑ የራሱ ዘር ናቸው፤ ፈርን ዘሩን ከቅጠሉ ጀርባ ነው የሚይዘው። ነጮቹ ናቸው የዋጉ። ሁለቱም አንድ ቅጠል ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። እንግዳው የባለቤቱን ዘር አልነካበትም። ይህ ነው እኛን ያስገረመን።

አለቃዬ ይህን ብቻ የማጠናበት የሁለት ዓመት ሥራ ጠይቆልኛል። ከተፈቀደልኝ ወደዚያ እመጣለሁ፤ ግድግዳው ሥር ወንበር አውጥተን እንቀመጣለን።

አንድ ልመና አለኝ። ግድግዳውን ማንም እንዳይነካው። ቧንቧውም ይፍሰስ። ይህን ለቧንቧ ሠራተኛ መለመን ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ይሳቁብኝ እንጂ አይቀየሙኝ።

አክባሪ ልጅዎ


ጥር 6

ለተከበርሽው ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ እስካሁን አልደረሰኝም። ሥራ ይዞሽ ይሆናል ብዬ እኔው ቀድሜ ጻፍኩ።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። የጓሮው ግድግዳ ጉዳይ አልቋል። ያ የሚያፈሰው መጋጠሚያ ስንት ዘመን ሲያሳፍረኝ ኖሮ፣ ባለፈው ሳምንት ፈትቼ በአዲስ ቀየርኩት። አንዲት ጠብታ አትወጣውም። ከዚያ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በብረት ፋቅሁት። ጺሙን አንድም ሳላስቀር ላጨሁት። የተበላውን በሲሚንቶ ለሰንኩ፣ ሲደርቅ ኖራ ቀባሁት። ልብስ ሰፊዋ መጥታ አየችና «ጋሼ፣ ግድግዳው ሙሽራ መሰለ» አለችኝ።

አሁን አንቺም ሆንሽ ወንድምሽ፣ ወይም ከእናንተ ጋር የሚመጣ ማንኛውም ሰው ቢያየው አያፍርበትም። ጥገኛ ነው ያልሽው ነገርም ከነቤቱ ተነቅሏል። ተቃጥሏል።

እኔ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩ ሰው አይደለሁም። ይህን እንድታውቂልኝ ነው።

አክባሪሽ


የካቲት 28

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የእኔ ከእርስዎ በኋላ እንደደረሰ እገምታለሁ። ስለዚህ አሁን ያውቃሉ።

ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። አልተቀየምኩም። ይህን በቅድሚያ ላስታውቅዎት፤ አልተቀየምኩም። ግድግዳው ላይ የነበረው፣ እስከምናውቀው ድረስ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነበር። እርስዎ ይህን ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም፤ እኔም በጊዜው አልነገርኩም። የላኳቸው ቅጠሎች ደርቀው በክብር ተቀምጠዋል። አልተቀየምኩም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ያ ቧንቧ እኔ ልጅ ሳለሁ ጀምሮ ያፈሳል። አባቴ «አንድ ቀን ትሠራዋለህ» ሲልዎት፣ እርስዎ «የሰው ሲያልቅ» ሲሉ ኖረዋል። ለምን አሁን?

ልጅዎ


መጋቢት 19

ልጄ፣

ከሰላምታው በፊት ልናገር፤ ሰላምታው ከኋላ ይድረስሽ።

ሁለተኛው ደብዳቤሽ የመጣው ኖራው ከደረቀ በኋላ ነው። እልልታሽን ካነበብኩ በኋላ ወጥቼ ግድግዳውን አየሁት። ነጭ ነው፣ የተገነዘ ሰው ይመስላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል፤ እኔ ግን ብብቴ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ ሳላውቅ ነው የጣልኩት።

ለምን ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሆድ ይፍጀው ልል ነበር። ግን የኔ ሆድ ከዚህ በላይ አይፈጅም።

የጥቅምቱ ደብዳቤሽ ሲመጣ መነጽሬ ተሰብሮ ነበር፤ ያነበበችልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። «ጥገኛ ነው» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሰው ቤት ገብቶ፣ ሰው ያዘጋጀውን እየበላ» ስትል ደግሞ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልድገመው?» አለችኝ።

«አያስፈልግም፣ ቀጥይ።»

የግድግዳው ልክ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አኖረችው። «ጋሼ፣ በኔ ሥራ ልክ የሚወሰደው ሊሰፋ ነው። የቤት ልክ ግን የሚወሰደው ሲሸጥ ነው» አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። እሷም ተከራይ ናት፣ ፈርታ ነው። ከዚያ «ስለ ቤቱ ሌላ ጊዜ» የሚለው መጣ። ወረቀቱን አጥፋ በእጄ አስያዘችኝ።

ሚስቴ ሞታ የተከራየነውን ቤት ስለቅ፣ አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ «የጓሮዋ ክፍል ባዶዋን ከምትቀመጥ ግባባት» አለኝ። «እስከ መቼ?» ብለው «እስክትሰለቸን» ብሎ ሳቀ። እሱ እያለ አንድ ቀን እንኳ የሰው ቤት ነው ብዬ አላሰብኩም። እሱ ከሄደ ወዲህ ግን ውሃ ስቀዳ ቧንቧውን ቀስ አድርጌ ነው የምከፍተው፣ ድምፁ እንዳይሰማ። ማን እንዳይሰማ? ግቢው ውስጥ ከልብስ ሰፊዋ በቀር ማን አለ?

ስለዚህ ጥገኛ የተባልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ለሰው ቤት የሚበጅ ሥራ ሠርቼ ላሳይ ብዬ ተነሳሁ። ነገሩ ይህ ነው።

አሁን ልስኑን በመሮ አንስቼዋለሁ። ኖራውንም አጥቤዋለሁ። መጋጠሚያውን በመፍቻ ትንሽ ፈታ አደረግሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ እንዳይፈስ ስታገል የኖርኩ ሰው፣ ጠብ ሲል ሰምቼ ደስ አለኝ። ልብስ ሰፊዋ አብደዋል ብላኛለች። ከድንጋዮቹ መሃል የቀረ ሥር ካለ ይነሳ ይሆናል። ዋጉም እንዲሁ።

ይመለሳል ወይ? እውነቱን ንገሪኝ። ፈጣሪ ሰላምሽን ያብዛልኝ።

ጋሼሽ


ሚያዝያ 21

ለውድ ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ቆሜ ጀምሬ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ሰው አልፎኝ ሲወጣና ሲወርድ እንኳ አልተነሳሁም።

እውነቱን ንገሪኝ ብለዋል። ፈርኑ ይመለሳል፤ ሥሩ ድንጋይ መሃል ገብቶ ይቆያል። ዋጉ ግን ሥር ውስጥ አይቀመጥም። ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ ቅጠል ነው የሚሻገረው፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው መብቀል አለበት። ቅጠሉ ሁሉ ተፍቆ ከተቃጠለ የሚሻገርበት ድልድይ የለውም። የሚመለስ አይመስለኝም። የጠየቅነውም ሥራ አልተፈቀደም፤ ፈቃዱ በሕይወት ያለ ነገር ለማጥናት ነበርና። ወደ ሌላ ክፍል አዛውረውኛል፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ሁለተኛው እውነት። የፈሩት ነገር ውሸት አልነበረም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ወንድሜ ደውሎልኝ ነበር። ቤቱን እንሽጥ አለኝ፤ የእሱ ንግድ ተዳክሟል፣ እኔም እዚህ ከኪራይ የምወጣበትን ነገር እፈልግ ነበር። እሺ አልኩት። «ስለ ቤቱ ሌላ ጊዜ» ያልኩት ያንን ለመናገር አፌ አልከፈት ስላለኝ ነው። የግድግዳውን ልክ ግን ለዋጉ ብዬ ብቻ ነው የጠየቅሁት፤ ይመኑኝ።

ጥገኛ የሚለውን ቃል ስጽፍ እርስዎ በሐሳቤ አልነበሩም። ይህን ለማጽናኛ ልጽፈው ነበር። ግን ሳስበው ይብሳል እንጂ አይሻልም። እሺ ይሸጥ ስልም በሐሳቤ አልነበሩም። ጋሼ የት ይገባሉ ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ወንድሜ ገዢ አግኝቷል፤ በሰኔ ይዞት ይመጣል። ቃሌን አንስቻለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ገና አላነሳሁም። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ያ ዋግ ፈርኑን ሳይገድለው ስንት ዘመን አብሮት እንደኖረ ማንም አያውቅም። ትንሽ ይወስዳል፣ የሚበቃውን ያህል፤ ፈርኑም ዘሩን ይዞ ይኖራል። እኔ ስሙን ተማርኩ እንጂ ይህን አላስተዋልኩም ነበር።

ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ


ሰኔ 30

ልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይቅርታሽ ደርሶኛል። እውነቱን ስለነገርሽኝ እንቅልፍ አገኘሁ፤ የሚያስፈራን ነገር ስሙን ሲያውቁት መጠኑ ይቀንሳል።

ወንድምሽ ገዢውን ይዞ መጣ። ገዢው ዳቦ ቤት ያለው፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ነገር የማያስረዝም ሰው ነው። ፊቱን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ጓሮ ሲደርስ ግን ቆመ። ፈርኑ ተነስቷል፤ ጥቅልል ጥቅልል ያሉ አዳዲስ ቅጠሎች ከድንጋዩ መሃል ወጥተዋል። ሁሉም ንጹሕ ናቸው፣ ነጭ ነገር የለባቸውም። ውሃውም ይንጠባጠባል። ሰውየው እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ አነሳና መዳፉን አየ።

«ይህ ከየት ነው የሚመጣው?» አለ።

ወንድምሽ «ቀላል ነገር ነው» አለው።

«ከመሠረቱ ከሆነ ቀላል አይደለም። መሠረቱ ውሃ የጠጣ ቤት አልገዛም። በቃኝ፣ እንሂድ።»

ወንድምሽ ወደ እኔ ዞረ። በመስኮት በኩል ልብስ ሰፊዋ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ይበሉ ትለኛለች። ዝም ብል አለቀ። ሰውየው ይሄዳል፣ ወሬው ይዛመታል፣ መሠረቱ የተበላ ቤት ነው ይባላል፤ እኔም አልጋዬ ላይ እተኛለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ያን ጊዜ ግን አፌ ውስጥ ሲነቅዝ ቀመስኩት።

«መሠረቱ ደህና ነው» አልኩ። «ውሃው ከመጋጠሚያው ነው። ሆን ብዬ የፈታሁት እኔ ነኝ።»

መፍቻዬን አምጥቼ ተንበርክኬ አጠበቅሁት። ቆመ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ፣ ጣቱን አስነካው። ደረቅ ነው።

«ለምንድን ነው የፈቱት?»

«ለዚህ ቅጠል ብዬ።»

ቅጠሉን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ለወንድምሽ፣ እኔ እንደማልሰማ አድርጎ፣ «ሽማግሌው ደህና ናቸው?» አለው። ቤቱን ግን ወደደው። እገዛለሁ ብሎ፣ እጅ ጨብጦ ሄደ።

ወንድምሽ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ዝም ቢሉ ኖሮ ሰውየው ሄዶልዎት ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ውሃው ከየት ነው ተብዬ ስጠየቅ ዋሽቼ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ክፍል ብዬ ልጀምር?»

የት እንደምገባ ጠየቀኝ። ወደ ወለድኳት ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ አልኩት። የእሷን ቤት ጠባብነት እሱም ያውቀዋል። ሊሄድ ተነስቶ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ተመለሰ።

«ቧንቧውን መልሰው ይፍቱት እንጂ» አለኝ። «ቅጠሉ ይደርቃል።»

ፈታሁት። ልጄ፣ በኔ ምክንያት ከወንድምሽ ጋር እንዳትጣዪ። የእናንተ መዋደድ ከኔ ክፍል ይበልጣል። የምታደርጉትን በፍቅር አድርጉት፣ እኔ እመርቃችኋለሁ።

ጋሼሽ


ሐምሌ 25

ለውድ ጋሼ፣

ጤናዎና ደስታዎ አብረው ይክረሙ።

ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ ወንድሜ ደውሎ ነበር። እንደ ወትሮው ቶሎ ቶሎ አላወራም።

«ሰውየው ተስማምቷል» አለኝ። «ቀብድ ሊሰጠኝ ነው።»

«አንተስ ምን አሰብክ?» አልኩት።

«እኔ? ጋሼ ተንበርክከው ቧንቧውን ሲዘጉ አየኋቸው። የሚዘጉት የራሳቸውን በር መሆኑን እያወቁ። እሱን ካየሁ በኋላ ቁልፉን ለሰውየው ስሰጠው ዓይኔን የት ላድርገው?»

እኔም የማፍርበትን ነገርኩት፣ ከወራት በፊት ማንሳት የነበረብኝን ቃል እንዳላነሳሁ። ከዚያ እሱ ሳቀ። «ሁለታችንም አንድ ሰው ጀርባ ተደብቀን አንዳችን ሌላችንን ስንጠብቅ ነበር» አለ።

ቤቱ አይሸጥም። ይህን የምጽፈው የሁለታችንም ቃል ሆኖ ነው። ወንድሜ ንግዱን በሌላ መንገድ ይሞክራል፤ እኔም ኪራዬን እየከፈልኩ እኖራለሁ፣ ሰው ሁሉ እንደሚኖረው። ለልብስ ሰፊዋም ይንገሯት፣ እንቅልፍ ታግኝ።

ስለ ዋጉ ላበቃ። አዲሶቹ ቅጠሎች ንጹሕ ናቸው ብለው ሲጽፉ ያዘንን ሰዎች እኛ ሁለታችን ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ ሌላው ተክሉ ስለዳነ ደስ ይለዋል። የላኳቸው ቅጠሎች ከዚያ ከአሮጌው ቅጠል ጎን መሳቢያ ውስጥ ገብተዋል። አሁን ብቻውን አይደለም። አለቃዬ፣ አንድ ግድግዳ ላይ ከነበረ ሌላ እርጥብ ቦታም ሊኖር ይችላል ይላል። ጉልበትዎ ከፈቀደ፣ ሲንሸራሸሩ የፈርን ቅጠል ካዩ ገልበጥ ያድርጉልኝ። ካልፈቀደ ይቅር።

በሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ አለኝ። እመጣለሁ።

አክባሪ ልጅዎ


ነሐሴ 22

ለልጄ፣

ፈጣሪ እንጀራሽን ያስፋው፣ ወንድምሽንም ይባርከው። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ራሴ ነኝ፤ ልብስ ሰፊዋን ግን ጠርቼ ጮክ ብዬ ደግሜ አነበብኩላት። የጀመረችውን ቀሚስ ትታ ሄዳ ፊቷን ታጠበች።

እኔም ሥራ ጀምሬያለሁ። ከከተማው በታች ያለውን ጅረት ታስታውሺዋለሽ? በድንጋዩ ሥር የፈርን ዓይነት ሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ ሥራ በማትገባበት ቀን አብራኝ ትወርዳለች፣ የሷ ዓይን መርፌ ክር የሚያስገባ ዓይን ነው። ባለፈው «ጋሼ! ነጭ! ነጭ!» ብላ ጮኸች፤ እየተንደረደርኩ ሄጄ ባይ የወፍ ኩስ ነው። እስክንደክም ሳቅን። እስካሁን የተገኘ ነገር የለም። ሰፈሩ ግን ገና አላለቀም፤ ከጅረቱ ማዶ ድንጋይ የሚወጣበት ጉድጓድ አለ፣ እዚያም እርጥብ ነው።

ቅጠል ስገለብጥ ቀስ ብዬ ነው፣ እንዳይቀነጠስ። ከጀርባው ምንም ባላገኝ እንኳ መልሼ እንደነበረ አደርገዋለሁ።

አሁን ላስቸግርሽ። ጫማዬ አርጅቶ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትተኛል፤ ትናንት ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ጫማ ላኪልኝ። ሶሉ ጎማ የሆነ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ። ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው። ቡናማ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ጥቁርም ከሆነ አልቀየምም።

ካልሲም ጨምሪበት፣ ወፍራም።

ጋሼሽ